ባለቤቱ ሆስፒታል ሲተኛ ውሻውና ድመቷ ማን ጋ ይቆዩ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚፈለገው አስታማሚ ነው። አንዱ አልጋው አጠገብ ያድራል፣ ሌላው ምግብ ያመላልሳል፣ ሌላው መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ቤቱ ባንዴ ባዶ ይሆናል። ግቢ ውስጥ የታሰረው ውሻ ትዝ የሚለው በሦስተኛው ቀን ነው። ያውም ጎረቤት ደውሎ «ሌሊቱን ሲያላዝን አደረ» ሲል።

እኔ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። የታመመ ጎረቤት እንስሳ እየተቀበልኩ ማቆየት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሥራዬ አይደለም። ግቢዬ ሰፋ ያለ ነው፣ እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እነሆ።

ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፤ በሚቀጥለው ወር ለኦፕራሲዮን እተኛለሁ። ውሻዬን የት ላድርገው?

ከተቻለ የትም አትውሰዱት። እዚያው ቤቱ ይቆይ፣ ሰው ይምጣለት። ጠዋትና ማታ ምግብና ውሃ የሚሰጥ፣ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ የሚያይ፣ አሥር ደቂቃ አብሮት የሚቀመጥ አንድ ሰው ካለ ከማንም ቤት ይሻላል። ውሻ ግቢው ውስጥ ሲሆን ሥራ ላይ ነው። ባለቤቱ ቢጠፋበትም ሽታው፣ በሩ፣ የሚጮህባቸው መንገደኞች አሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ካጣችሁ፣ ውሻው የሚያውቀው ጎረቤት ይቀጥላል። ከዚያ ዘመድ። የማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ሰፈር፣ የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ሲጨንቀው ገጠር ያለው አጎቱ ትዝ ይለዋል።

ቀጠሮ መኖሩ ትልቅ እድል ነው፤ አታባክኑት። ተረካቢው ቀድሞ ይምጣና ሁለት ሦስት ቀን እናንተ ባላችሁበት በእጁ ያብላው። ክትባቱ ጊዜው ካለፈ ደግሞ ዛሬውኑ አስከትቡ። ለምን «ዛሬውኑ» እንዳልኩ ከታች አለ።

ድንገት ቢሆንስ? ማንም ሳይዘጋጅ?

አብዛኛው እንዲያ ነው። ሰውየው በአምቡላንስ ይወሰዳል፣ ቤተሰብ ከኋላ በባጃጅ ይከተላል፣ በሩ ይዘጋል። አንድ ጊዜ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ታመው ተወሰዱ። ድመታቸው ውስጥ እንዳለች ያወቅነው በሁለተኛው ቀን፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃውን ስትቧጭር አይተን ነው። ቁልፉ ሲፈለግ ሲፈለግ፣ ሆስፒታል አልጋቸው ሥር ፌስታል ውስጥ ከተጠቀለለው ሱሪያቸው ኪስ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጹና ለጎረቤት ስጡ። በተለይ ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ። ይህን ማድረግ ቅር የሚላችሁ ካላችሁ፣ ቢያንስ ስልካችሁ ላይ «ውሻ ቤት አለ፣ ለእገሌ ደውሉ» የሚል ጽሑፍ አስቀምጡ። አስታማሚ ከሆናችሁም በሽተኛውን የመጀመሪያዋ ማታ ላይ ጠይቁት፤ «ቤት ውስጥ የተዘጋበት ነገር አለ?» በሉት። ኦፕራሲዮን ገብቶ በሰመመን ከሆነ በኋላ የሚመልስላችሁ የለም።

ድመቴን ወደ ሰው ቤት ልውሰዳት ወይስ ትቆይ?

ትቆይ። ድመት ከሰው ይልቅ ቤት ነው የምትለምደው ይባላል። በከፊል እውነት ነው። የውሻ ባለቤት ሲመጣ ውሻው ያለበትን ቦታ ይረሳል፤ ድመት ግን ቦታዋን አትረሳም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሆጤ አካባቢ ያለች ወዳጄ ለወሊድ ገባች፣ ችግርም ስለነበረ ቆየች። ድመቷን በማዳበሪያ ከትቼ ወደ ቤቴ አመጣኋት። ማዳበሪያ! አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ቤት ደርሼ አፉን ስፈታው እጄን ቧጭራ፣ በኩሽናው መስኮት ወጥታ ሄደች። ዘጠኝ ቀን ፈለግኳት። በአሥረኛው ቀን የወዳጄ ባለቤት ልብስ ሊወስድ ቤቱ ሲገባ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ጎኗ ገብቶ፣ አንድ ጆሮዋ ተቦጭቆ። ለአራስ ሴት ይህን እንዴት ብዬ ልንገራት?

የግድ ማዛወር ካለባችሁ በማዳበሪያ አይሁን። ጠንካራ ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ቅርጫት ይሁን፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይኑረው፣ ውስጡ እሷ የምትተኛበት ጨርቅ ይነጠፍ። አዲሱ ቤት ስትደርስ አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉባት። መስኮቱን አትመኑት። ቆይታዋ አጭር ከሆነ እስክትመለስ ድረስ አትውጣ። ረዘም ካለም ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በር አይከፈትላት። ለመጸዳጃዋ ሰፋ ባለ ሳህን ላይ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ በቂ ነው። መጀመሪያ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም ትላለች። ተዉአት፣ አትጎትቷት።

ለተረካቢው ምን ልንገረው?

አትንገሩት፣ ጻፉለት። የነገራችሁትን ግማሹን በር ላይ ሲደርስ ረስቶታል። ከእጄ ከገቡት ሁሉ የወደድኳት አንዲት ብጣሽ ወረቀት አለች። ከደብተር የተቀደደች ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ቡቺ ትባላለች። አምስት ዓመቷ ነው። ክትባት ጥቅምት ላይ ወስዳለች፣ ካርዱ አብሮ አለ። ቀን አትበላም፤ ማታ 1 ሰዓት ነው። ሰው ከላይ እጁን ሲዘረጋባት ትነክሳለች፣ ከአገጯ ሥር ዳብሷት። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ስትንቀጠቀጥ አትቆጧት። አጥር ትዘላለች! ከታመመች እስከ 2,000 ብር ድረስ ሳትጠይቁኝ አሳክሟት።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። ሰው ሆስፒታል ተኝቶ እያቃሰተ «ውሻሽ አስመለሳት፣ ላሳክማት ወይ?» ብሎ መደወል ያስጨንቃል። ዝም ብሎ ማሳከምም ያስፈራል፣ ነገ «ማን አዘዘሽ» የሚባል ነገር አለና። በብር ልክ ተጽፎ ሲሰጥ ሁለቱም ይቀራል።

«እስኪ ትነክሳለች ብዬ እጽፋለሁ እንዴ? ማን ይቀበለኛል?» ያለኝም አለ። ሳይጽፍ አመጣውና ውሻው የእኔን ልጅ ነከሰ። ጻፉ።

ምን ይብላ? እኛ ጾም ላይ ነን።

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። በተለይ ዐቢይ ጾም ሲሆን፤ 55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ የለም።

ውሻ ለጥቂት ሳምንት በእንጀራ፣ በሩዝ፣ በቅንጬና በተቀቀለ ምስር አይሞትም። ቢያንስ ግን እንቁላል ቀቅሉለት። ድመት ግን ሌላ ናት። ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናት። ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ ከሽሮ አይገኝም። ስለዚህ ጾመኛ ቤት ድመት አደራ ስትሰጡ ዋጋውን አብራችሁ ስጡና ለእሷ ብቻ ከልኳንዳ ቤት ትንሽ ትንሽ ይገዛላት። የሐይቅ ዓሣ የሚያገኝ ሰው ካለም ደስታዋ ነው። እሾሁን ግን አውጡላት። ድስቱ እንዳይነካካ የሚጨነቅ ሰው ካለ አንድ አሮጌ ጣሳ ለይቶ መስጠት ነው።

ስለ ወጥ አንድ ነገር ልበል፣ እንደምትስቁብኝ እያወቅኩ። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በሰለም አልበሰለም፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። «ውሻችን ዕድሜ ልኩን ወጥ የጠጣ እንጀራ ነው የበላው፣ ምን ሆነ?» ትሉኛላችሁ። ትንሽ ትንሹ ወዲያው አይገድልም፣ አዎ። ግን የአደራ እንስሳ ላይ ሙከራ አይደረግም። በርበሬ ያልነካውን እንጀራ በመረቅ ፈትፍታችሁ ስጡት፣ መረቁም ያለ ሽንኩርት ይሁን። ቸኮላትና ዘቢብም አይነካም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፣ እሱም ይቅር።

ከሁሉም በላይ የምቆጣው ግን ስለ ጥሬው ሆድ ዕቃ ነው። አረፋ ወይም ፋሲካ ሲሆን በየግቢው በግ ይታረዳል፤ ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲገኝ «ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። እዚያ ውሃ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከፀጉሩ ላይ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለውን ቅበሩት፣ ጥልቅ አድርጋችሁ። ውሻው ወደ ሌላ ሰው ቤት ከመሄዱ በፊትም የትል መድኃኒት ይውሰድ።

ምግቡን ባንዴ አትቀይሩ። ቤቱ፣ ሰዉ፣ ምግቡ በአንድ ቀን ሲቀየር ተቅማጥ ይመጣል። ያገኛችሁትን ሳይሆን የለመደውን የሦስት ቀን ስንቅ አብራችሁ ስጡ።

አልበላም ብሏል። መቼ ልጨነቅ?

ውሻ የመጀመሪያውን ቀን፣ አንዳንዱ ሁለት ቀን፣ ማኩረፍ ልማዱ ነው። ውሃ እየጠጣ ከሆነ ጠብቁ። የባለቤቱን ያልታጠበ ሹራብ የሚተኛበት ላይ ብታደርጉለት ይረዳል። እኔ ጋ አንዱ ጋቢ ላይ አፍንጫውን ቀብሮ ውሎ ማታ በላ።

ድመት ላይ ግን ትዕግሥት አይሠራም። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ውሰዷት። በተለይ ወፍራም ድመት ስትራብ ስቡ ጉበቷ ላይ ይከማችና ይገድላታል። ቤት ውስጥ ካለው የሰው መድኃኒት ደግሞ አንዳችም እንዳትሰጧት። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል።

የእንስሳት ሐኪም ስትፈልጉ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ እዚሁ ደሴ ነው። አብዛኛው ሰው ክሊኒኩን የሚያውቀው በከብትና በበግ ነው፤ ድመት ታቅፋችሁ ስትገቡ ሰልፍ ላይ ያሉት ፈገግ ይላሉ። ይበሉ።

ክትባቱ ለምን እንዲህ ያስጨንቃችኋል?

እብድ ውሻ በሽታ ስላለ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ባለቤቱን የማይነክስ ውሻ አዲስ ቤት ውስጥ ፈርቶ ሊነክስ ይችላል። ያልተከተበ ከሆነ ያ ቤተሰብ ለሳምንታት እንቅልፍ አጣ ማለት ነው።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ እንደተከላከለ የሚቆጠረው ከ28 ቀን በኋላ ነው። «ዛሬውኑ» ያልኩት ለዚህ ነው። ቀጠሮአችሁ ከወር በኋላ ከሆነ ዛሬ ብታስከትቡ ልክ ይደርሳል። ዋዜማው ላይ ብትሯሯጡ ካርዱ እንጂ መከላከያው አልደረሰም። ድመትም ትከተባለች፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ በሰዓት ያዙት። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቤንዚን የሚባለውን ተዉት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ መርፌው ግን አይቅር፣ ተጀምሮም አይቋረጥ። ውሻውን ደግሞ በንዴት አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። የሞተ ውሻ ይህን አይነግራችሁም። መርፌውን ግን 10 ቀን እስኪሞላ ብላችሁ አታዘግዩ።

ማታ የት ይደር?

ጣሪያና በር ያለው ቦታ። ከጦሳ ተራራ ሥር ያላችሁ ሰፈሮች አልነግራችሁም፤ ጅብ ታውቃላችሁ። በራሱ ግቢ የሚያድር ውሻ ጅብ ሲመጣ የት እንደሚገባ ያውቃል። አዲስ ግቢ ውስጥ በአጭር ሰንሰለት ችካል ላይ የታሰረ ውሻ ግን የጅብ እራት ነው። ማታ ማታ ፍቱት ወይም ማድቤት አስገቡት። ብርዱም አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳር ላይ ሲሚንቶ ላይ ማደር ለማንም አይሆንም። ጆንያ አንጥፉለት።

ግቢያችሁ ውስጥ የአይጥ መርዝ ካስቀመጣችሁ እንስሳው ሳይመጣ አንሱት። መርዝ የበላችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይኑር፣ ቢያመልጥ ባለቤት እንዳለው እንዲታወቅ።

ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ውሻ ያዢልኝ ብላት ትቀየመኛለች?

ወሎ ነው ያለነው። በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ባለበት አገር ይህን ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ደግ ነው፣ ግን አትፍሩ። ብዙ ሙስሊም ቤት የሚጠነቀቁት ከውሻ ምራቅ ነው። ዕቃ እንዳይልስ፣ የሚሰገድበት ልብስና ምንጣፍ እንዳይነካ። ከጥላቻ የመጣ አይደለም። ለተጠማ ውሻ ውሃ ማጠጣት ምንዳ እንዳለው እነሱም ያውቃሉ። የእኔ ጎረቤት ውሻ በረንዳዋን አልፎ አይገባም። ግን እኔ ገበያ ስሄድ የአደራዎቹን ውሃ የምትቀይረው እሷ ናት፣ ያውም በራሷ ጆግ ሳይሆን ለእነሱ በለየችው ጣሳ።

ስለዚህ ስትጠይቁ መፍትሔውን ይዛችሁ ሂዱ። «የራሱ ሳህን አለው፣ ቤት ውስጥ አይገባም፣ ጠዋትና ማታ ብቻ እንድታዪልኝ ነው» በሏት። ድመት ከሆነች ምንም ማለት አያስፈልግም፤ ሳትጨርሱ ትቀበላችኋለች።

ቤታቸው ነፍሰ ጡር አለች። ድመት ልስጣቸው?

እሷ የድመቷን ዓይነ ምድር እስካልነካች ድረስ ችግሩ ትንሽ ነው። ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋስ ልታወጣ ትችላለች፣ ለፅንስም አደገኛ ነው። ግን ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ሌላ ሰው በየቀኑ ካጸዳው ብዙው አደጋ ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር ያንኑ ተሐዋስ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ ሰላጣ ማግኘት ይቀላል። ቢሆንም ሌላ ቤት ካለ እሱ ይቅደም። ለምን ሰው ታስጨንቃላችሁ?

ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ልላከው?

ይቻላል፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን የሐረጎን ቁልቁለት አስቡት። መኪና ያልለመደ ውሻ ጠመዝማዛው ላይ ያስመልሳል፤ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ሰዓት አታብሉት። ሚኒባስ ላይ ውሻ ይዞ መውጣት ክርክር ነው፣ መኪና ያለው ሰው ለምኑ። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ፀጉረ ረጅሙ የደሴ ውሻ ጥላና ብዙ ውሃ ይፈልጋል። መዥገርም ይፈተሽለት፤ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል።

ለቆይታው ብር ልክፈል?

ደመወዝ ካላችሁት ይቀየማሉ። «የምግቡ» ካላችሁት ይቀበላሉ። ቃሉ ነው ልዩነቱ። ከመግባታችሁ በፊት በእጅ ወይም በቴሌብር ስጡ፤ ከሆስፒታል ስወጣ እከፍላለሁ አትበሉ። ስትወጡ ኪሳችሁ ምን እንደሚመስል እኔም እናንተም እናውቃለን። ጎበዝ የሰፈር ልጅ ጠዋትና ማታ እንዲያበላ ከሆነ ግን የድካሙን በግልጽ ተነጋገሩና ክፈሉት። እሱ አይቀየምም።

ዶሮዎቼና በጌስ?

እነሱ ቀላል ናቸው። እንቁላሉ ለጠባቂው ነው ካላችሁ ሰው ይሻማችኋል።

እንስሳው ተረካቢው ጋ ሆኖ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ማን ይጠየቃል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ድንገት አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። የሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ እንስሳውን ተረክቦ የያዘውን ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ «የእኔ አይደለም፣ የአደራ ነው» የሚለው ብዙ አያስኬድም። ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም። አጥሩን አይታችሁ ተቀበሉ ለማለት ነው።

ይመልሱልኛል? ጥሩ ውሻ ነው።

ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ጎበዝ ጠባቂ ውሻ አደራ ሰጥቶ መልሶ መቀበል አንዳንዴ ሽምግልና ይጠይቃል። «ለምዶናል እኮ» ይላሉ። ፎቶ አንሱት። ወረቀቷ ላይ የሰጣችሁበትን ቀንና «ስመለስ እወስደዋለሁ» የሚለውን ጻፉ። ሌላ ጎረቤት ባለበት አስረክቡ።

ሆስፒታል ይዘውልኝ ቢመጡስ? ናፍቆኛል።

ዋርድ ውስጥ አይገባም፣ ጥበቃዎቹን አታድክሙ። ቪዲዮ ይደወልላችሁ። ድምፃችሁን ሲሰማ ስልኩን የሚዞርና ከኋላው የሚፈልጋችሁ ውሻ አለ። እሱን አይተው የሳቁ በሽተኛ የኦፕራሲዮናቸውን ስፌት ይዘው «አታስቁኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከሆስፒታል ወጣሁ። ዛሬውኑ ልውሰደው?

ትልቅ ውሻ ከሆነና ሆዳችሁ ተሰፍቶ ከሆነ አይሆንም። ሲያያችሁ ይዘላል፤ ሁለት እግሩ የሚያርፈው እዚያው ስፌቱ ላይ ነው። ሐኪማችሁ ከባድ ነገር እንዳታነሱ የነገራችሁ ጊዜ ለውሻም ይሠራል። መጀመሪያ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሌላ ሰው ገመዱን ይዞ፣ ተገናኙ። ለዓይን ሞራ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዳችሁ የተመለሳችሁም ብትሆኑ ለጥቂት ቀን ፊታችሁን አታስልሱ። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ዓይነ ምድሩን ማጽዳቱን ለሌላ ሰው ስጡና ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ድመቷ ብታኮርፋችሁ አትዘኑ። የሆስፒታል ሽታ አለባችሁ። ታጥባችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ፣ ቡና ተፈልቶ ስትቀመጡ ራሷ ትመጣለች።

ባልመለስስ?

ይህን ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ግን ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜም ቁልፍ ሲሰጡኝ፣ ዞር ብለው። «ክፉ አታውራ» ብዬ ማለፍ ትቻለሁ። ወረቀቷ ላይ ሌላ አንድ መስመር ይጨመር እላቸዋለሁ፤ እኔ ካልቻልኩ ለእገሌ ይሰጥ። እገሌም ቀድሞ ተጠይቆ እሺ ያለ ይሁን። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተብለው ወር ሁለት ወር የሚቆዩም አሉ፣ ለእነሱም ያቺው መስመር ትጠቅማለች። ተረካቢው እስከ መቼ መያዝ እንደሚችልም በግልጽ ይነጋገሩ፤ «እስክትመለስ» ጊዜ አይደለም።

አሁን ይህን ስጽፍ በረንዳዬ ላይ ያለችው ዥጉርጉር ድመት ያኔ ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ቁልፍ ያገኘንባቸው የጎረቤታችን ናት። እሳቸው አልተመለሱም፣ መስመሯንም አልጻፉም። ልጆቻቸው ከቀብር በኋላ መጥተው ዕቃ ሲያስሩ «ድመቷስ?» አልኳቸው። ተያዩ። ካርቶኑን ከውስጥ አምጥቼ ቀዳዳ ስበሳለት አንደኛው «መቀስ ላቀብልሽ?» አለኝ።